ከተበላ ሙቀት ወደ ዳሞታ ብርድ፦ እንሰት ፋቂ የሆንኩበት ዘመን

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ዕለት መጀመሪያ የታዘዝኩት ጫማዬን እንዳወልቅ ነው። ወላይታ ውስጥ በዳሞታ ተራራ ሥር ነን፣ ጠዋት ነው፣ ሣሩ ውሃ ቋጥሯል። የእንሰቱ ባለቤትና የፋቂዎቹ መሪ እማማ ኡኩሜ፣ «በጫማሽ እንሰት መፋቂያው ሳንቃ ላይ ልትወጪ ነው? ይሄ እኮ የሚበላ ነገር ነው» አሉኝ። አወለቅሁ። እግሬ ወዲያው ደነዘዘ። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሴቶቹ ሰሙ።

«እዩአት፣ ፀሐይ ላይ የበሰለች ናት» አለች አንዷ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ከብርዱ ጋር አብሬ ሳቅሁ።

የሁምቦዋ የተበላ ከተማ ሰው ነኝ። ተበላ ቆላ ነው፣ እኛ የምናውቀው በቆሎና ስኳር ድንች ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የመጀመሪያ ልጄን፣ ወንዱን፣ ወባ ወሰደብኝ። ምሕረት ብቻ ቀረችኝ፣ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። እሷንም ወባ ሁለቴ ጣላት። በሁለተኛው ጊዜ ዓይኗ ተገልብጦ ስትንቀጠቀጥ አቅፌያት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ተረፈች። ነርሷ ግን፣ «እህቴ፣ ትንኝ የማይደርስበት አገር ዘመድ የለሽም?» አለችኝ።

ደጋ ዘመድ አልነበረኝም። ሶዶ ገበያ ቆጮ የምትሸጥ ሴት፣ ላይ ደጋው ጋ ፋቂ እንደሚፈለግና መኝታም እንደሚሰጥ ነግራኝ ነበር። ልጄን በጀርባዬ፣ ልብሳችንን በራሴ አድርጌ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በፊት ሥራ ብዬ ያሰብኩት አልነበረም። ያሰብኩት ልጄን ከትንኝ ማራቅን ብቻ ነው።

ሥራው ደረጃ አለው። አዲስ የመጣች ቅጠል ትሸከማለች። ቀጥሎ የተፋቀውን ትጨምቃለች፣ ከጭማቂው ሥር የሚረጋው ነጩ ቡላ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ፋቂ የምትሆነው። የእንሰቱን ግንድ ሽፋን አንድ በአንድ ገንጥለሽ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ትዘረጊዋለሽ፣ መሬት ተቀምጠሽ አንድ እግርሽን ሽቅብ አንስተሽ በተረከዝሽ ትይዥዋለሽ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትስቢያለሽ። ሥጋው ይወርዳል፣ ቃጫው እጅሽ ላይ ይቀራል። ቆጮው የሚቦካበትን እርሾ የምትነካው ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት። ያኔ እማማ ኡኩሜ ነበሩ።

መፋቂያ የያዝኩ ሰሞን ቃጫውን እበጥስ ነበር። እማማ እጄን ያዙና፣ «አትታገዪው። ጠላትሽ አይደለም፣ ፀጉር እንደምታበጥሪ አድርጊው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መፋቁ ገባኝ። እጄ ተማረ።

ጉድጓድ የማልበስ ተራ ሲደርሰኝ ነው እንደገና የተሳቀብኝ። የተፋቀው እንሰት የሚቀበረው ጉድጓዱ በእንሰት ቅጠል ከለበሰ በኋላ ነው። እኔ በጥላ ሥር ቆፈርኩ፣ ቅጠሉን ሳሳ አድርጌ ደረደርኩ። እማማ መጥተው አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙቀት እንዳያበላሸው ነው፣ እማማ።»

ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው ሳቁ። «ሙቀት! የትኛውን ሙቀት? ካገኘሽ ለእኛም አካፍይን እንጂ!» እማማ አልሳቁም። «እዚህ ጠላታችን ብርድ ነው። ቅጠሉን ደርቢ። ካልሞቀው አይቦካም፣ ጥሬውን ትበይዋለሽ» አሉ። ሌላ ቦታ፣ ፀሐይ የሚያየው ጋ ቆፈርኩ። ቅጠሉን እጥፍ ደረብኩ፣ ድንጋይ ጫንኩበት። ሲወጣ ጥሩ ሆኖ ወጣ። ከሶዶ የሚመጣው ገዢያችን በጣቱ ጎትቶ አየውና፣ «የቆላዋ ሴትዮ ሠራችው? በሉ ሌላም ጨምሩልኝ» አለ።

ሌላም ሕግ አለ። እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይመጣም። ሴቶቹ ቀሚስ ሰብስበው፣ እግር ሰቅለው ነው የሚሠሩት። ወንድ ካየውም ቆጮው ይበላሻል ይባላል። የአካባቢው ወንድ ይሄን ስለሚያውቅ መንገዱን ዞሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ክረምት ነበር። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ስለተቃረበ ሥራው በዝቷል፣ ዝናቡም አይቆምም። ምሕረት ሳል ይዟት እማማ ባስጠጉን ቤት ተኝታለች። እኔ ራሴን ደፍቼ እፍቃለሁ። ድንገት በእንሰቱ መሃል ቅጠል እየገፋ የሚመጣ ሰው ተሰማ፣ አንዷም «ወንድ! ወንድ!» ብላ ጮኸች።

ሴቶቹ ቀሚሳቸውን አወረዱና የተፋቀ ቅርፊት እየወረወሩ ይስቁ ጀመር። «እግር ልትቆጥር ነው የመጣኸው?» «ሚስት ካጣህ ገበያ ሂድ፣ ዛሬ የገበያ ቀን ነው!» ሰውየው ሸሸ። እኔ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም፣ ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ።

ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ይጮሃል። ዝናቡ ሰፋፊውን ቅጠል ስለሚደበድብ ቃሉ አይለይም። ሴቶቹ ይመልሱለታል፣ ይሳሳቃሉ። እማማ ኡኩሜ ድንገት ተነሱ።

«ዝም በሉ! ይሄ ሰው እየተጫወተ አይደለም፣ እያለቀሰ ነው።»

ዝም አልን። ያኔ ሰማሁት። «የምሕረት እናት! ልጅቷ መተንፈስ አቃታት!» ይላል። ማርቆስ ነው፣ የሟቹ ባለቤቴ ወንድም። ሊጠይቀን ከተበላ መጥቶ ቤት ቢገባ ልጄን እንደዚያ ሆና አገኛት። የቆላ ሰው ነው፣ ሕጋችንን ከየት ያውቀዋል?

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላስታውስም። ሰውነቷ ይፋጃል፣ የጎድን አጥንቷ እየገባ ይወጣል። «ወባ ነው፣ ተከትሎን መጣ» አልኩ። ማርቆስ ልጅቷን ተሸክሞ፣ ጭቃው ላይ እየወደቀ እየተነሳ አስፋልት አደረሰን። በባጃጅ ሶዶ ገባን።

ሐኪሙ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ደሟ ተመረመረ። «ወባ አይደለም። ሳንባዋን ብርድ መትቷታል» አለኝ። ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ አደረጉ፣ መርፌ ጀመሩ።

«የት ነው የምትተኛው?» አለኝ።

«በሩ አጠገብ።»

«ለምን በሩ አጠገብ?»

«አየር እንድታገኝ ነዋ፣ ዶክተር።» ተበላ ልጅ የሚተኛው ነፋስ በሚገባበት ነው። ሙቀቱ ሌላ ቦታ አያስተኛም። ደጋ ከወጣን ጀምሮ አልጋዋን በሩ ጋ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ሌሊት በሩንም ገርበብ አደርግላት ነበር። ጉድጓዱን ቅጠል መደረብ ተምሬ፣ ልጄ ጋ ስደርስ አላሰብኩትም።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «ከበሩ አርቂያት። ከጭስም አርቂያት። ማታ ሰውነቷ ይሸፈን» አለ። ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ሁሉ ከአጠገቧ አልተነቃነቅኩም። ትንፋሿ ሲቆራረጥ የእኔም ይቆራረጥ ነበር። አንድ ጠዋት ዓይኗን ገልጣ «ራበኝ» አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ የሚል ቃል አልሰማሁም።

ልንወጣ ስንል ማርቆስ ወደ ተበላ የመመለስን ነገር አነሳ። «የምሕረት እናት፣ እንውረድ። እዚህ ብርድ፣ እዚያ ወባ። ቢያንስ እዚያ ዘመድ አለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። ፍርሃት ከሁለቱም ወገን ያዘኝ። ብመለስ ወንድሟን የወሰደው ወባ እዚያው ነው። ብቀር ይሄ ብርድ አለ።

እማማ ኡኩሜ ጋቢ ይዘው መጥተው ነበር። አልተከራከሩም። «ቤቱ ውስጥ ከብቶቹ በሚያድሩበት በኩል ያለው ግድግዳ ጭስ አይደርስበትም፣ ይሞቃል። አልጋዋን እዚያ እናድርገው። አይ ካልሽም ሂጂ፣ ማንም አይይዝሽም። ሳንቃሽን ግን ለሌላ ሰው አልሰጥም» አሉ።

«እማማ፣ ከላም ጋር ልጅ ይተኛል?» አላቸው ማርቆስ።

«አንተ ከማን ጋር ነው ያደግከው? ከአንበሳ ጋር?» አሉት። ሳቀ። ምሕረትም ሳቀችና ሳሏ ተነሳ፣ ሁላችንም ደነገጥን።

ቀረሁ። ማርቆስ እስከ መንገዱ ሸኝቶን ብቻውን ወረደ። አልጋውን ከከብቶቹ ግድግዳ ጋ አደረግን። የዚያን ክረምት ቀሪ ሌሊቶች እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ነው ያደርኩት። ሳሉ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ዛሬ ምሕረት ሰባተኛ ክፍል ናት። እማማ ኡኩሜ ጉልበታቸው ስለደከመ እርሾውን የምነካው እኔ ነኝ። ወንድ አሁንም መፋቂያው ቦታ አይመጣም፣ ሕጉን አልሻርኩም። ነገር ግን ስንፍቅ አንዲት ሴት አጥሩ ጋ ትቀመጣለች። ወንድ ሲጣራ መጀመሪያ ምን ሊል እንደመጣ ትሰማዋለች። ከዚያ በኋላ መሳቅ ይቻላል።

ከሁምቦ ልጅ አዝለው ለሥራ የሚመጡ እናቶች አሉ። መፋቂያ አያያዝ ይጠይቁኛል። አሳያቸዋለሁ፣ እሱ በዓይን ይለመዳል። ልጁ የት እንደሚተኛ ግን አይጠይቁም፣ የሚያውቁት ይመስላቸዋል። ሰው ወደማያውቀው ብርድ ሲወጣ ከሥራው በፊት መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው።