በጀልባው ጎን ላይ ያለው ነጭ መስመር

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው እንዴት በይሉኝታ ይሰምጣል? በበሽታ ቢሞት ይገባኛል፣ በችግር ቢሞት ይገባኛል። «ውረዱ ብል ይቀየሙኛል» ብሎ ከልኩ በላይ ሰው ጭኖ ሐይቅ ላይ የሚወጣን ሰው ግን ምን ብዬ ልረዳው? ያውም የእናቴን ልጅ። ከእኔ በታች ያለው አንድ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ ትዳር የያዘው ከጊንጪ ወደ ላይ፣ ደንዲ ሐይቅ ዳር ነው። እኔ አምቦ ነው የምኖረው፤ የቴክኒክ ተማሪዎችን የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። አባታችን አናጺ ስለነበር ከእርሳስ በፊት መጋዝ ነው የያዝኩት። ሐይቁ ዙሪያውን ዳገት ነው። ገበያው፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ከወንድሜ ቤት ማዶ ነው፤ በእግሬ ልዙር ያለ ሰው ሽቅብ ቁልቁል ሲል ቀኑ ይጋመሳል። ስለዚህ ሰው በጀልባ ይሻገራል፤ ቀዛፊው ደግሞ ወንድሜ ነው። የመጀመሪያው ጀልባው ከግንድ የተፈለፈለ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰው ሞልቶበት፣ ዳር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተገለበጠ። ጥልቁ ጋ ባለመሆኑ ሰው አልሞተም። የወንድሜ ሚስት ግን ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች፤ ቄጠማ ጨብጣ ነው የተረፈችው። እሱ ራሱ ዋና አይችልም። ሐይቅ ዳር እየኖረ፣ ሰው እያሻገረ፣ ዋና አይችልም።

እንኳን እግዜር አተረፋችሁ ልል ሄጄ «እንዴት ይህን ሁሉ ሰው ትጭናለህ?» አልኩት።

«እትዬ፣ ሽማግሌ እግሩን አንስቶ ከገባ በኋላ እንዴት ብዬ ውረድ እለዋለሁ?» አለኝ።

ነገሩ ይኼው ነው። እዚያ መንደር ጀልባ ላይ እግሩን ያሳረፈ ሰው እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ አይመለስም። ቦታ ጠበበ አይባልም፤ ተጠጋጉ ይባላል። ቤት ውስጥ ሲሆን ደስ የሚል ነገር ነው፣ እኔም ስሄድ ተጠጋግተውልኛል። ውሃ ግን አይጠጋጋም።

«በቃ፣ ጀልባ እኔ እሠራልሃለሁ» አልኩት። ትምህርት በተዘጋበት ክረምት አምቦ ግቢዬ ውስጥ ጀመርኩ። የጎረቤት ሰው አጥሬን ተደግፎ «የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ?» እያለ ሲስቅ ከረመ። እሱን እንኳን ችዬዋለሁ። ያላስቻለኝ መጋዙን እጄ ላይ እያየ «ባለሙያው የት ሄደ?» የሚለኝ ነው። ለአንዱ «ምሳ ሊበላ ሄዷል፣ ጠብቀው» ብዬው ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ሰውዬው እውነት መስሎት ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሆዱን ሰፊና ጠፍጣፋ አደረግኩት፣ ጎኑን ከረጃጅም ጣውላ ገጠምኩ፣ መጋጠሚያውን ሬንጅ በተነከረ ጥጥ ደፈንኩ። ዝናቡ ሲያበቃ በአይሱዙ ጭነን ወሰድነው።

ጀልባውን መሥራት አልነበረም ከባዱ። ከባዱ መስመሩ ነበር።

ጀልባ መሸከም የሚገባውን ያህል ሲጭን ውሃው ጎኑ ላይ የሚደርስበት ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ዙሪያውን ነጭ ቀለም እቀባለሁ አልኩ። ነጩ እስከታየ ድረስ ሰላም ነው፤ ነጩ ውሃ ውስጥ ከገባ ሰው በዝቷል ማለት ነው። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ወንድሜ ሰው መመለስ ካቃተው መስመሩ ይመልስለት። «እኔ አይደለሁም፣ ቀለሙ ነው» ይበል፣ ማንም አይቀየመው።

መስመሩ በግምት አይሰመርም፤ ቦታውን የሚያሳየው ውሃው ራሱ ነው። በጠዋት፣ ንፋስ ሳይነሣ፣ ጀልባውን ጥልቀት በሌለው ቦታ አስገባንና የመንደሩን ሰው ግቡ አልኩ። ወይ ጉድ፣ ያን ቀን ያየሁት። አንዱ ሊቀመጥ ሲል ሌላው ይነሣለታል፤ «እርስዎ ይቀመጡ»፣ «ኧረ አንተ ተቀመጥ»፣ «በሞቴ» ሲባባሉ ጀልባው እየተወዛወዘ አንድ ምልክት እንኳ ማድረግ አልቻልኩም። ተናደድኩና ሁሉንም አስወረድኳቸው። በምትኩ ድንች በጆንያ አስመጣሁ፤ ለአንድ ሰው አንድ ጆንያ። ድንች ለማንም አይነሣም።

ኦቦ የተቀየሙኝ እዚህ ላይ ነው። ስማቸውን አልጠራም፣ ኦቦ ይበቃቸዋል። የመንደሩ ታላቅ ሰው ናቸው፤ እዚያ አካባቢ የታረቀ ባልና ሚስት፣ የተስማማ ጎረቤት ሁሉ በእሳቸው ሽምግልና ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ከእነዚህ ውስጥ እኔ የትኛው ነኝ?»

«የፊተኛው፣ ኦቦ» አልኳቸው።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። «እኔን ድንች አደረግሽኝ» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ወንድሜ ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። ምን አጠፋሁ? ሰው ክብደት አለው። ኦቦን እኔም አከብራቸዋለሁ፣ ውሃው ግን የሚያውቀው ክብደታቸውን ብቻ ነው።

ወንድሜ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ውሃው የደረሰበትን በምስማር ጫረ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሁለቱም ጎን። ከዚያ ወደ ሣሩ ጎትተን ፀሐይ ላይ አደረቅነው። ጭረቶቹን ለማገናኘት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከሰል የተቀባ ክር ከፊተኛው ጭረት ላይ ይይዛል፣ ሌላው ከኋለኛው ላይ ይወጥራል፤ ክሩ ሳብ ተደርጎ ሲለቀቅ ጣውላው ላይ ጥቁር መስመር ይተዋል። አባታችን በር ሲሠራ ክር የምንይዝለት እኔና ወንድሜ ነበርን። ሌላ ሌላውን ልተወውና፣ ወንድሜ ክር ሲይዝ እጁ ንቅንቅ አይልም። ቀለም ቢለቅ እንዳይጠፋ ብዬ በጀልባው አፍንጫ ባለው በፊተኛው እንጨት ላይ፣ ልክ በመስመሩ፣ በመጋዝ ትንሽ ምልክት አወጣሁ። ከመስመሩ በታች ሬንጅ፣ ከበላይ ከቤቴ በር የተረፈ አረንጓዴ፣ መሃል ላይ ነጭ ቀለም ቀባን። የወንድሜ ሚስት «ቀበቶ የታጠቀ መሰለ» አለች። ደስ ብሎኝ አምቦ ገባሁ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ስልክ ተደወለ፤ የወንድሜ ሚስት አክስት ማዶ ሞቱ። እሷን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በጠዋት ተነሥቼ ሐይቁ ዳር ስደርስ ለቀስተኛው ጀልባው ላይ ወጥቶ ወንድሜ መቅዘፊያውን ሊያነሣ ነው። መጀመሪያ ያየሁት መስመሩን ነው። ነጩ ከውሃው በላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎሽ ወንድሜ፣ አልኩ በሆዴ።

ጠጋ ስል ግን አንድ ነገር አልጥምሽ አለኝ። ሰው ተደራርቦ ተቀምጧል፤ ጭን ላይ የተቀመጠም አለ። ውሃው የጀልባውን አፍ ሊልስ ምንም አልቀረው። ጎንበስ ብዬ በመጋዝ ያወጣሁትን ምልክት ከፊተኛው እንጨት ላይ ፈለግኩ። የለም። እጄን ውሃ ውስጥ ብሰድድ ከታች በጣቴ አገኘሁት። መስመሩን ከፍ አድርገው ቀብተውታል።

«ይኼን ማነው ያነሣው?» አልኩት ወንድሜን።

«እትዬ፣ አሁን ቀስ በይ…»

«ማነው ያነሣው?»

«ሽማግሌ ገብቶበት ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው መስመሩን አልወደደውም፣ ተመለሱ እየተባለ ቅሬታ በዛ። ኦቦ ቁጭ አድርገው አስማሙን። አንቺ ያልሽውም ሳይሆን፣ እነሱ ያሉትም ሳይሆን፣ መሃል ላይ።»

መሃል ላይ። ስሙልኝ እንግዲህ። ከውሃ ጋር ሽምግልና ተቀምጠዋል። የአጥር ድንበር ይመስል እኔ ከታች፣ መንደሩ ከላይ፣ ኦቦ መሃሉን ፈርደው፣ ምርቃት ተደርጎ ተነሥተዋል። ለዚያ ሽምግልና ውሃውን የጠራው ሰው አልነበረም።

«ግማሻችሁ ውረዱ» አልኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ለምን እንደማይንቀሳቀሱ አውቃለሁ፤ ወደ ገበያ ቢሆን ምናልባት አንድ ሁለት ሰው ይወርድ ነበር። ወደ ልቅሶ እየሄደ መጀመሪያ የሚወርድ ሰው ግን ሟቿን ያቃለለ ይባላል፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስም ነው። ወንድሜ መቅዘፊያውን እንደያዘ ነው። ሚስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ልጇን አዝላ መሃላቸው ተቀምጣ ውሃውን ታያለች። ያኔ ሆዷ ውስጥ የነበረችው ልጅ ናት ጀርባዋ ላይ ያለችው።

መቅዘፊያውን ከወንድሜ እጅ መንጭቄ ወሰድኩ። ወደ ኋላ ሄጄ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩበት።

«እትዬ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለኝ።

ኦቦ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ያው የፊተኛው ጆንያ ቦታ ላይ። «ኢንታላ ኮ፣ ለሞተ ሰው ነው እኮ የምንሄደው» አሉኝ፣ በልመና።

«አውቃለሁ ኦቦ። የሚያለቅስላቸው ሰው ይትረፍ ብዬ ነው» አልኳቸው።

አንድ ሰው ሰደበኝ፤ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይሁን። ከዚያ የወንድሜ ሚስት ተነሣች። ባለልቅሶዋ እሷ ራሷ፣ የአሳዳጊዋን ፊት ሳይቀብሩባት ለማየት የቸኮለችው፣ የሰው ትከሻ እየያዘች ወርዳ እግሯን ውሃ ውስጥ አስገባች። «እኔ በሁለተኛው ጉዞ እመጣለሁ» አለች። ከዚያ ማልቀስ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። ባለልቅሶዋ ወርዳ እንግዳው እንዴት ተቀምጦ ይሄዳል? ሁሉም ግልብጥ ብሎ ወረደ። ጀልባው ባዶውን ቀረ። ግቡ ብል የሚገባ ጠፋ፤ «እሷ ትቅደም»፣ «የለም፣ ሽማግሌ ይቅደም» ተጀመረ፣ ማዶ ሬሳ እየጠበቀ። አላስቻለኝም። እንደ ጆንያ እያንዳንዳቸውን ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው፤ መጀመሪያ እሷን ከነልጇ፣ ቀጥሎ እናቶችን። ውሃው የመጋዙ ምልክት ላይ ሲደርስ በቃ አልኩና መቅዘፊያውን ለወንድሜ ሰጠሁት። ተመልሶ የቀረውን ወሰደ። ኦቦ በመጨረሻው ነው የሄዱት፣ ሳያዩኝ። ቀብሩ አላመለጠንም።

ማምሻውን ያን የሽምግልና መስመር በመላጊያ ላጥኩት። ማንም አላመሰገነኝም፤ ምስጋናም አልጠበቅኩም። ወንድሜ ግን «አዋረድሽኝ» አለኝና ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ሰላም ይለኛል፣ ሌላ ወሬ የለንም። ይቀየመኝ። የሚቀየመኝ በሕይወት ስላለ ነው።

በየዓመቱ በበጋ፣ ጀልባው ሬንጅ ሊቀባ ሲወጣ፣ ነጭ ቀለሜን ይዤ እሄዳለሁ። ወንድሜ ያን ቀን ሌላ ሥራ ይገጥመዋል። የክሩን አንድ ጫፍ ምስማር ላይ አስሬ ብቻዬን እወጥራለሁ፤ ምስማሩ ይላላል፣ መስመሩ ይንጋደዳል፣ ደግሜ እሠራለሁ። በልቤ ስሳደብ እውላለሁ።

ዘንድሮም ሄድኩ። ጀርባ ላይ የነበረችው ልጅ አድጋ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ በየጠዋቱ ከመንደሩ ልጆች ጋር በዚያው ጀልባ ትሻገራለች። «አዳዳ» ብላ ሮጣ አቀፈችኝ፤ የአባት እኅት እዚያ እንዲህ ነው የምትባለው። ምስማሩን ልመታ ስዘጋጅ ወንድሜ ከቤት ወጣ። ሰላም አላለኝም። መጥቶ የክሩን ጫፍ ከእጄ ወሰደና ወደ ጀልባው ፊት ሄዶ ጎንበስ አለ። የመጋዙን ምልክት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ክሩን ግን እዚያ ላይ አላኖረውም፤ ከምልክቱ አንድ ጣት ዝቅ አድርጎ ያዘው።

ልኩ አይደለም። ውሃው የሰጠን ልክ የመጋዙ ምልክት ነው፤ አንድ ጣት ዝቅ ማለት በየጉዞው ሰው እየቀነሱ መሄድ ነው፣ ያም ማለት ተመለስ የሚባል ሰው ይበዛል፣ የሚለውም እሱ ራሱ ነው። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ እጁ ንቅንቅ አላለም።

እኔም በኩሌ ክሩን አንድ ጣት ዝቅ አድርጌ ወጠርኩት፣ ሳብ አድርጌም ለቀቅኩት።