ድምፅ የሌለው ኮምፒዩተር በእዳጋ ሓሙስ

ባለፈው ሳምንት አንድ የባንክ ሠራተኛ ኮምቦልቻ ያለው ሱቄ ድረስ መጣ። የጌም ማጫወቻ ገዝቶ ከአሮጌ የኮምፒዩተር ስክሪን ጋር አገናኝቶታል። ለልጆቼ ነው ይላል፤ ዓይኑ ግን ለራሱ መሆኑን ይናገራል። «ምስሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ድምፅ ግን የለውም። ተበላሽቶ ይሆን?» አለኝ። አልተበላሸም አልኩት፤ ስክሪን ዓይን እንጂ አፍ አልተፈጠረለትም፣ አፉን ለብቻው ነው የምትገዛለት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ይህችኑ ነገር ሌላ ሰው፣ በሌላ ቋንቋ ሲላት ሰምቻለሁ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ከጉሮሮዬ አልወረደችም።

ያኔ አስመራ ነበርኩ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ። ደሴ ሳለሁ እስላም ነበርኩ፤ አስመራ ስገባ «ኣምሓራይ» ሆንኩ። ጁምዓ መስጊድ ስገባ ያየኝ ሰው ሁሉ ግራ ይገባው ነበር። ማስረዳቱ ሲያታክተኝ ተውኩት። ነጻነት ሲመጣ ከወሎ አብረውኝ የወጡት አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እኔ ቀረሁ። ለምን ቀረህ ቢሉኝ፣ ግማሽ ጆንያ ማበጠሪያና የባትሪ ድንጋይ ገና አልሸጥኩም ነበር።

እዳጋ ሓሙስ በሚባለው ሰፈር፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት፣ በሯ ወደ መንገድ የሚከፈት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ነበር። አከራዬ አደይ ለተብርሃን ቀጭን፣ ነጭ ለባሽ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ናቸው። በአንድ በኩል ግድግዳ የምጋራው ከእሳቸው፣ በሌላው በኩል ከሃብቶም ጋር ነው። ሃብቶም ከጅዳ ባለቀለም ቴሌቪዥንና የጌም ማጫወቻ አምጥቶ ሰው በተራ ያጫውት ነበር፤ ቤቱ ጠቦት የእኔን ክፍል ደርቦ ማስፋት ፈለገ። በየሳምንቱ አደይ ዘንድ እየሄደ ያን አምሓራይ አስወጡልኝ ይላል። እሳቸውም በመጨረሻ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ በክፍሏ ደህና ሥራ ካልሠራባት ቁልፏን ላንተ እሰጣለሁ አሉት። ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ግድግዳው ስስ ነው።

ማበጠሪያ ደህና ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ሃብቶምን በራሱ ሥራ ልመጣበት ቆረጥኩ። አንዲት ከጅዳ የተመለሰች ሴት የጌም ማጫወቻ ነበራት፤ በጋቢ ለወጥኳት። ቴሌቪዥን ግን ያኔ ከሙሽራ በላይ የሚጠበቅ ዕቃ ነበር። ሁለት ሳምንት ማጫወቻውን ትራስጌዬ አድርጌ ተኛሁ።

አንድ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይገለጥ፣ ፉል በባኒ ዳቦ በልቼ ወደ መደበር ወረድኩ። መደበር የተጣለ ብረት ሁሉ ሁለተኛ ነፍስ የሚዘራበት ሰፈር ነው፤ የተቃጠለ ብረትና በየወፍጮው የሚፈጨው በርበሬ ሽታቸው ተደባልቆ አፍንጫ ይሰነጥቃል። እዚያ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ የኮምፒዩተር ስክሪን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ሊከፍተው ሲል ደረስኩ። ከአንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት የወጣ ነው። ጀርባውን አየሁት፤ አንዲት ክብ ቀዳዳ አለችው። የማጫወቻዬ ገመድ ጫፉ ሁለት ነው፣ ቢጫና ቀይ፤ ቢጫው ለምስል፣ ቀዩ ለድምፅ። ገመዱን ኪሴ ይዤው ስለምዞር ቢጫውን ሞከርኩት፤ ልክ ገባ። ሰውየው ዕቃውን በኪሎ ሸጠልኝ፣ እንደ ሽንኩርት።

ወደ ቤት የወሰድኩት በብስክሌት፣ ኮርቻው ላይ አስሬ ነው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ ይህ ምንድን ነው ሲለኝ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ «ኮምፒዩተር» አልኩ። ያን ጊዜ ለሁላችንም ኮምፒዩተር ማለት መስታወቱ ነበር፤ አንጎሉ ሌላ ሳጥን ውስጥ እንደሆነ የሚያውቅ በሰፈሩ አልነበረም። ቃሏ ከእኔ ቀድማ እዳጋ ሓሙስ ገባች።

ሳገናኘው ምስሉ እንደ ወፍጮ ከታች ወደ ላይ ይሽከረከር ጀመር። ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ብሎን በመፍቻ ጫፍ ቀስ እያልኩ ሳዞራት ቆመ። ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው፤ ታንኩ አረንጓዴ፣ ጥይቱ አረንጓዴ፣ ሰማዩም አረንጓዴ። ቢሆንም ይንቀሳቀሳል። በሩን ከፈትኩ፤ ሰው ተሰበሰበ።

ሃብቶምም መጣ። ደፍ ላይ ቆሞ እጁን አጣጥፎ ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ወደ ሰው ዞሮ በትግርኛ እንዲህ አለ፦

«ከም ዋናኡ እዩ፤ ድምጺ የብሉን።»

እንደ ባለቤቱ ነው፣ ድምፅ የለውም ማለቱ ነው። ሰሞኑ የሕዝበ ውሳኔ ሰሞን ነበር፤ አገሬው ሁሉ ድምፅ የሚሰጥበትን ካርድ አውጥቶ ኪሱ ውስጥ እየዳበሰ ይዞራል፤ እኔ የለኝም። ትግርኛም እንደ አማርኛው ነው፤ ለጆሮውም ለካርዱም ያለው ቃል አንድ ነው። ሰው በሳቅ ፈረሰ። በረንዳው ላይ ባኒ የምትሸጠው ለምለም ሳይቀር ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ደንበኛ ሲስቅ ያልሳቀ ነጋዴ ሱቁን ይዝጋ።

በዚያው ሳምንት የጣሊያን ዘመን የእንጨት ሬዲዮ አገኘሁ፤ ሸክላ ማጫወቻ የሚሰካበት ቀዳዳ ከጀርባው አለው። ቀዩን ገመድ እዚያ ሰካሁት። ታንኩ ተኮሰ። ድምፁ ፌርማታው ድረስ ተሰማ። የሬዲዮውን አፍ ሆን ብዬ ወደ ሃብቶም ግድግዳ አዞርኩት። በሦስት ቀን ውስጥ የሃብቶም በር ጭር አለ፤ የእሱ ቴሌቪዥን ቀለም ነበረው፣ የእኔ ግን ያጓራ ነበር። አደይ ራሴን አመመኝ እያሉ ቢያማርሩም፣ ደጄ ላይ የቆመውን ሰው ሲቆጥሩ አይቻቸዋለሁ።

የሆሳዕና ማግስት፣ ረፋድ ላይ፣ አደይ ነጠላቸውን እየጎተቱ ገቡ። ሃብቶም ምምሕዳር ሄዷል አሉኝ፤ የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ማለት ነው። አምሓራዩ ክፍሉ ውስጥ ኮምፒዩተርና ሬዲዮ በገመድ አገናኝቶ ወደ አዲስ አበባ ወሬ ያቀብላል ብሏል። ሰዎቹ እየመጡ ነው።

ቀዩን ገመድ ከሬዲዮው ነቀልኩ። አደይ ሬዲዮውን አቅፈው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

«አንተን ወድጄ እንዳይመስልህ፣ ወደይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንተን ሲያሽጉ ቤቴን ነው የሚያሽጉት።»

ወጡ። ቀዩ ገመድ እንደ ተነቀለ ጥርስ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሁለት ሰዎች መጡ፤ የጎማ ጫማ ያደረጉ፣ በረሃ ያጠቆራቸው ታጋዮች። ሃብቶም ከኋላቸው፣ የሰፈሩ ሰው ከሃብቶም ኋላ። አንደኛው አማርኛ ያውቃል፤ ከየት እንደተማረው አልጠየቅሁም። ስክሪኑን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይኼ ከማን ጋር ነው የሚነጋገር?»

«ከማንም።»

«ቀዩስ?»

«ትርፍ ነው። የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ እዩት።»

ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ዳበሰ። እውነትም ቀዳዳው አንድ ነው፤ ቢጫው ይዞታል። ሃብቶም ያኔ፣ ሬዲዮ ነበረ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል አለ። ታጋዩ ወደ ሰዉ ዞረ። የመሰከረለት የለም። ለምለም የባኒ ቅርጫቷን ታስተካክላለች፤ ሌላው ጫማውን ያያል። እኔን ስለወደዱ አይደለም፤ ለጠቋሚ መመስከር ስላስጠላቸው ነው። ያኔ ምላሴ ተፈታ።

«እኔን ለምን ትጠይቁኛላችሁ? ሃብቶም በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት መስክሯል። ምን እንዳለ እሱ ይንገራችሁ።»

ለምለም ያቺን ቀልድ ልትውጣት አልቻለችም፤ ከቅርጫቷ ሳትነሳ፣ «‹ድምጺ የብሉን› ዶ ኣይበልካን?» አለችው። ድምፅ የለውም አላልክም ወይ? ሰው እንደ ገና ሳቀ፤ አሁን ግን ሳቁ አድራሻ ቀይሯል።

ታጋዩ ሃብቶምን አየው። «ብለሃል?»

«እወ፣ ብያለሁ፤ ግን...»

«ድምፅ የሌለው ነገር ምን ያወራል?»

ነገሩ እዚያ አለቀ። ታጋዩ የማጫወቻውን መንጃ ዱላ ያዘና ታንኩን ነዳ፤ እውነተኛ ታንክ የማረከ ሰው በአረንጓዴዋ ሦስት ጊዜ ሞተ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ ተናገረ።

«ሬዲዮዋን አሮጊቷ ስትወስድ ከማዶ አይቻለሁ። ክፍልህን ያዝ። ድምፅ ግን አታውጣ።»

ሃብቶም ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ በር ላይ ስቆም ውሃ ይደፋ ነበር። እኔም ግድግዳውን በክርኔ እመታለሁ። ይቅር አልተባባልንም፤ ዛሬም ባገኘው የምለው ሰላምታ የለኝም። ፋሲካ አለፈ፣ ቁልፏ እኔው ጋ ቀረች። የሕዝበ ውሳኔው ቀን ሲደርስ ሰው ነጩን ለብሶ፣ ከበሮ እየመታ በፌርማታው በኩል አለፈ፤ እኔ ክፍሌ ውስጥ ታንኬን በዝምታ ነዳሁ። ሬዲዮዬን አደይ አልመለሱልኝም፤ የሰንበት ቅዳሴ ሲሰሙበት በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር።

ለባንኩ ሠራተኛ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከገመዱ ጋር ሰጠሁት። በር ድረስ ሸኘሁት፤ የትኛው ለየትኛው እንደሚሰካም አሳየሁት። አሁን ካርድም አለኝ፣ ምርጫ ሲመጣ ከሰው ጋር ተሰልፌ እቆማለሁ። ነገር ግን ሱቄ ውስጥ ለሙከራ ያገናኘሁት ዕቃ ጮክ ብሎ ሳለ የማላውቀው ሰው በሩን ቢያንኳኳ፣ ማን ነው ከማለቴ በፊት እጄ ቀዩን ገመድ ነቅሎ ይገኛል።