ዘይት የማታንጠባጥብ መኪና

ኩራሞቺ ከእንግሊዝ አገር አሮጌ ትንንሽ መኪኖች እያስመጣ ጃፓን፣ ናጎያ ከተማ ላይ ሲሸጥ ፀጉሩ ሸበተ፤ ትርፉን ግን የመርከብ ኪራዩና ዝገቱ ይበሉታል። ሚስቱ ሳዮኮ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ንግድ ነው ወይስ አባዜ?" ትለዋለች።

አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ልትገዛ መጥታ ቀይዋን መኪና ዞር ዞር ብላ አየችና ጎንበስ አለች።

"ከሥሯ ካርቶን የለም እንዴ?"

"ለምኑ! ጠብታ ዘይት አታፈስም። በገዛ እጄ ነው የደፈንኩላት" አላት በኩራት።

"አባቴ እንደዚች ያለች መኪና ነበረችው፤ ማታ ማታ ከሥሯ ካርቶን ያነጥፍላት ነበር። ጠዋት ስነሳ የዘይቱን ጠብታ አበባ አድርጌ እሥለው ነበር።" መሪውን ዳበስ አድርጋ፣ ሳትገዛ ሄደች።

"ብለህ ብለህ ገዢም በጥገና ማባረር ጀመርክ!" ብላ ሳቀችበት ሳዮኮ።

ሳምንት ሳይሞላ ሌላ መኪና ከወደብ መጣችለት። ኩራሞቺ መፍቻውን አልነካም። ካርቶን አነጠፈላትና የመጀመሪያዋን ጠብታ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።