ረሰት የሚባለው ቀለም

እንግሊዝኛን ያስተማረኝ ሰው የለም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ጠባቂ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ሰው በምንኖርበት ሕንጻ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ጥሎት የሄደውን ወፍራም መዝገበ ቃላት አንስቼ፣ መኪና በማይበዛበት ሰዓት ገጽ በገጽ አነበብኩት። ልጄ ማንበብ ከጀመረች ወዲህ ያልገባትን ቃል የምትጠይቀው እኔን ነበር። በቤታችን ከዚህ የሚበልጥ ክብር አልነበረኝም።

ባለቤቴ አሌክሳንድሪያ በምትባል ጎረቤት ከተማ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ትንከባከባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃችንን ይዛት መሄድ ጀመረች። ሴትዮዋ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው የአልጋ ልብስ ይሰፋሉ፤ ልጄ ጨርቁን በየቀለሙ ትለይላቸዋለች።

አንድ ቅዳሜ ራት ላይ፣ «አባዬ፣ ረሰት ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ቃሉ ትዝ አላለኝም።

«ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ድሮ የገጠር ሰዎች የሚለብሱት ሻካራ ጨርቅም እንደዚያ ይባል ነበር። እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ልክ እንዳንተ ካፖርት!»

«ወይ ጉድ! ጋሼ ዛሬ ተሻሩ!» ብላ እናቷ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። በጸሎት ቤት ለወጣቶች ስለ ቅናት ክፋት የማስተምር ሰው፣ ያለ ከዘራ መቆም በማይችሉ አሮጊት ቀናሁ። ሁለቱ ከተኙ በኋላ መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። አሮጊቷ ልክ ነበሩ። ቃሉ ያረጀ ቢሆንም፣ ለደረቀ ቅጠልና ለድንች ልጣጭ ዛሬም እንደሚነገር ተጽፏል። ልክ መሆናቸው ይበልጥ አናደደኝ።

በሳምንቱ ልጄ ለትምህርት ቤት ስለ ካፖርቴ የጻፈችውን አሳየችኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ረሰት የሚለውን ቃል አየሁ።

«ይሄ የሞተ ቃል ነው» አልኳት። «ማንም አይጠቀምበትም። ይስቁብሻል። ቡናማ በዪው።»

ላጲስ አንስታ አጠፋችውና ቡናማ ብላ ጻፈች።

ወረቀቱ ታርሞ ሲመለስ፣ አስተማሪዋ ቡናማ ከሚለው ቃል ሥር «ምን ዓይነት ቡናማ?» ብላ ጽፋበታለች። ልጄ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትታው ሄዳ ነበር። ጠራኋት።

«ዋሽቼሻለሁ። ቃሉ አልሞተም።»

«አውቃለሁ» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ያኔውኑ መዝገበ ቃላትህ ላይ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አጠፋሽው?»

ትከሻዋን ሰበቀች፤ ከዚያ በአማርኛ፣ «ፊትህ ጠቁሮ ነበር እኮ፣ አባዬ» አለች።

ልጅን ሐሰት ማስተማር ኃጢአት ነው። የእኔ ግን ከዚህም ይከፋል፤ እያወቀች እኔን ብላ የራሷን ሥራ እንድታበላሽ አደረግኳት። በማግስቱ አስተማሪዋ ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ከፓርኪንግ ሥራዬ ይልቅ ያ ደቂቃ ከበደኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሌላ የቀለም ስም ይዛ መጣች። አላወቅኩትም።

«ቅዳሜ እሳቸውን ጠይቂልኝ» አልኳት።

አሁንም ቀናሁ። ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት በሰዓቱ ቀሰቀስኳት፤ አሌክሳንድሪያ ድረስም ራሴ ነድቼ አደረስኳት።