አባቴ ስልካቸውን ያጠፉበት ረፋድ

ወልድያ መናኸሪያ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምሠራበት ቤት አለኝ። የስልክ ቁጥሬ በሩ ላይ ስለተለጠፈ የማላውቀው ሰው ሲደውልልኝ ደንግጬ አላውቅም ነበር። ግማሹ ደንበኛ ነው፣ ግማሹ አታላይ። ዕጣ ወጥቶልሻል የሚል አለ። ከውጭ አገር ዕቃ ተልኮልሻል፣ ቀረጡን ክፈይ የሚል አለ። አንዱማ ኮምፒውተርሽ ቫይረስ ገብቶበታል፣ እዚሁ ሆኜ ላጽዳልሽ፣ በስልክሽ የሚገባውን ቁጥር ብቻ ንገሪኝ እያለ ደጋግሞ ሲለማመጠኝ ሰንብቷል። ለደንበኞቼም ይህንኑ እመክራለሁ፤ ለማታውቁት ሰው ምንም አትንገሩ፣ ዝጉበት እላለሁ። እኔን የሚያታልል ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አባቴ መርሳ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ ጨርሰው፣ አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለች የመስኖ ማሳ ላይ ሽንኩርትና ፓፓያ ያለማሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ወንድሜ ደሴ ነው፤ እኔ ስለምቀርባቸው እኔን ነው የሚያዩት።

ያን ቀን ረፋድ ላይ የአንዲት ተማሪ ጽሑፍ እያተምኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አንድ ረጋ ያለ ወንድ ድምፅ የአባቴን ስም እስከ አያታቸው ጠርቶ ልጃቸው መሆኔን ጠየቀኝ። ነኝ አልኩ። ከዚያ፣ እህቴ አትደንግጪ አለኝ። እንዲህ የሚልሽን ሰው ሰምተሽ አለመደንገጥ አይቻልም።

አባቴን መርሳ መውጫ ላይ ሞተር እንደገጫቸው ነገረኝ። እሱ መንገደኛ ነው፤ ከወደቁበት አንስቶ አንድ የግል ክሊኒክ አድርሷቸዋል። እግራቸው ተሰብሯል፣ ራሳቸውንም ተመትተዋል፣ በፍጥነት ደሴ መወሰድ አለባቸው። የሚወስዳቸው መኪና ግን ክፍያ ሳይቀበል አልነሣም ብሏል። ገንዘቡን የምልክበትን ቁጥር ነገረኝ። የለበሱትን ብጠይቀው፣ ልብሳቸው ደም ስለነካ አውልቀነዋል አለ። ላናግራቸው አልኩት። መናገር አይችሉም አለና ስልኩን ወደ አንድ ቦታ አስጠጋው። ሰው ያቃስታል።

የሚያቃስት ሰው ድምፅ የማን እንደሆነ አይለይም። እኔ ግን አባቴ ናቸው አልኩ።

ስልኩ እንደተዘጋ ወደ አባቴ ደወልኩ። ጠፍቷል። እንደገና ሞከርኩ፣ ያችው ድምፅዋ የተቀዳ ሴት ናት የምትመልሰው። የጎረቤታቸውን ስልክ አውቅ ስለነበር እሷ ጋ ደወልኩ። ወደ ግቢያቸው ሄዳ አየችና በሩ ከውጭ ተቆልፏል፣ ከጠዋት ጀምሮ አላየኋቸውም አለችኝ። ምን ሆኑ ብላ ስትጠይቀኝ የነገርኳትን ዛሬ አላስታውሰውም። ወንድሜን ሳገኘው ግን አልቅሼ እንደነበር እሱ ይነግረኛል። ሳልጨርስለት፣ "ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፣ አንቺ ሂጂ" አለኝ። ቁጥሩን ተቀብሎኝ ወዲያው ላከ።

ሱቄን ለጎረቤት ሱቅ አደራ ብዬ መናኸሪያ ገባሁ። ወደ መርሳ የሚሄደው ሚኒባስ ገና ግማሹ ባዶ ነበር። ሾፌሩ አባቴን ያውቃቸዋል፤ በሾፌርነት ሥራ እንደ ታላቅ የሚያያቸው ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው ሌላ ሰው ሳይጠብቅ ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ዝምታው አስፈራኝ። ሾፌሮች እርስ በርሳቸው ይደዋወላሉ፣ መንገድ ላይ የሆነውን ከሰው ሁሉ ቀድመው ያውቃሉ። ሰምቶ ነው ዝም ያለኝ አልኩ።

ሲሪንቃን ሳናልፍ ሰውዬው እንደገና ደወለ። የተላከው አልበቃም፣ ደም መግዣ ጨምሪ አለኝ። እየመጣሁ ነው፣ ደርሻለሁ አልኩት። ከዚያ እንዳትመጪ፣ አሁን ወደ ደሴ ልንወስዳቸው ነው፣ ትተላለፊያለሽ አለኝ። የክሊኒኩን ስም ብጠይቀው ስልኩ ተቋረጠ።

ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ ይሉኛል የሰሙት ሁሉ። እኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነው። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ታሞ ነው ይባላል፣ ትንሽ ተጎድቶ ነው ይባላል፣ ቤት እስክትደርሺ ድረስ ይደበቅብሻል። እናቴ ያረፈች ዕለትም ደከም ብሏታል ነበር ያሉኝ። አትምጪ ያለኝ ሬሳውን ቀድሜ እንዳላይ ነው፣ ልብሳቸው ወልቋል ያለኝም ለዚህ ነው አልኩ። እያንዳንዱ ነገር ወደዚያው ሄደልኝ። በመስኮቱ የመንገዱን ዳር እያየሁ የወደቀ ሞተርና የተሰበሰበ ሰው ፈለግሁ። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩም አላጽናናኝም።

መርሳ ስንደርስ ሾፌሩ ከዋናው መንገድ ወጥቶ እስከ ሰፈሩ ድረስ አስገባኝ። ከሩቅ የአባቴ ግቢ በር ላይ ሴቶች ተሰብስበው አየሁ። ጎረቤቷ ጭንቅላቷን ይዛ ቆማለች። ሾፌሩ ነው ክንዴን ይዞ ያወረደኝ።

ሴቶቹ የተሰበሰቡት ግን በእኔ ስልክ ተደናግጠው ነበር። ጎረቤቷ አቅፋኝ፣ ጤና ጣቢያም የግል ክሊኒኮቹም ጋ ሰው ልካ እንዳስጠየቀች፣ ሞተር የገጨው ሽማግሌ የትም እንዳልገባ ነገረችኝ። ይህን ስትለኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ባሰብኝ። ክሊኒክ ከሌሉ የት ናቸው? ስልካቸው አሁንም ጠፍቷል። ከሴቶቹ አንዷ የመስኖው ውሃ ተራ ዛሬ የማን እንደሆነ ሌላዋን ስትጠይቃት ሰማሁ። ሌላዋ የእሳቸው መሰለኝ አለች።

ወደ ማሳው የሚወስደውን መንገድ ሮጥኩት። ሾፌሩም ከኋላዬ ተከተለኝ። አባቴ ፓፓያዎቹ መሃል ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ ቦዩን በአካፋ እየከፈቱ ቆመዋል። ሁለቱም እግራቸው ደህና ነው። ቀና ብለው ሲያዩኝ አካፋው ከእጃቸው ወደቀ። ያለወትሮዬ፣ ያለ ነጠላ፣ ሾፌር አስከትዬ ሮጬ ስመጣ ያዩት እኔን አልነበረም፤ መርዶ ነው ያዩት።

"ወንድምሽ ምን ሆነ?" አሉኝ።

ማንም ምንም እንዳልሆነ ለማሳመን ጊዜ ፈጀብኝ። ቦዩ ዳር ተቀምጠው ሰሙኝ። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በፌስታል የጠቀለሉትን ስልክ አወጡ። ጠዋት አንድ ትሑት ልጅ ደውሎ ከስልክ መሥሪያ ቤት ነኝ፣ መስመርዎ ስለተበላሸ እያስተካከልን ነው እንዳላቸው ነገሩኝ። ሙሉ ስማቸውን ጠይቋቸው ነግረውታል። ምዝገባው እንዲታደስ የቅርብ ቤተሰብ ስልክ ያስፈልጋል ሲላቸው የእኔን ሰጥተውታል። በመጨረሻም ስልኩን እስከ ከሰዓት ድረስ እንዳይከፍቱት፣ ከከፈቱት ቁጥሩ ጨርሶ እንደሚዘጋ አስጠንቅቋቸዋል። ቁጥሩ ቢዘጋ እኛን ማግኘት እንዳያቅታቸው ፈርተው እንደተባሉት አደረጉ።

ይህን እየነገሩኝ ሳለ የእኔ ስልክ ጮኸ። ያው ቁጥር ነው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ሰውዬው አሁን ትንፋሹ ተቆራርጧል፤ እህቴ፣ ሁኔታቸው ከፍቷል፣ ዶክተሩ ተስፋ እየቆረጠ ነው፣ ቶሎ ካልላክሽ ኋላ ትጸጸቻለሽ አለኝ። አባቴ ስለ ራሳቸው የሚባለውን አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና ስልኩን ሰጠኋቸው።

"ልጄ፣" አሉት፣ "እኔ ነኝ። ሽንኩርት እያጠጣሁ ነው። አባት የለህም?"

ከዚያ ወዲያ የተሰማ ነገር የለም። ተዘጋ፤ ቁጥሩም ከዚያ በኋላ አልሠራም።

ሾፌሩ ሊስቅ ሞከረ፣ አባቴ ግን አልሳቁም። ወንድሜ ጋ ደውለን ድምፃቸውን እስኪሰማ ድረስ እሱም አላመነንም። ፖሊስ ጋ ሄደን አመለከትን፤ የተቀበለን መኮንን በትዕግሥት ሰምቶን፣ በዚያ ሳምንት እንዲህ ብለን የመጣነው እኛ ብቻ እንዳልሆንን ነገረን። የተላከው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። ወንድሜ ስለ ገንዘቡ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም፤ የሚያነሣው ያንን ማቃሰት ነው። እሱ ባይሰማውም፣ እንዴት ነበር ብሎ ይጠይቀኛል።

አባቴ ከዚያ በኋላ የማያውቁትን ቁጥር ማንሣት ተዉ። ውርጌሳ የነበሩ የድሮ የሥራ ጓደኛቸው ሲያርፉ የሟቹ ልጅ ለቀብር ሊጠራቸው በአዲስ ቁጥር ደጋግሞ ደውሎ ነበር። አላነሡለትም። በነጋታው ከሰው አፍ ሰምተው ለልቅሶ ሲደርሱ ቀብሩ አልፏል። ጓደኛቸውን ሳይሸኙ መቅረታቸው ከዚያ ሁሉ ይልቅ እንደጎዳቸው ነግረውኛል።

እኔም አንድ ነገር ተበላሽቶብኛል። በእኛ አካባቢ ኔትወርክ መጥፋት፣ መብራት ሄዶ ስልክ ሳይሞላ መዋል የተለመደ ነው። ድሮ አባቴ አልተገኙም ብዬ ሥራዬን እቀጥል ነበር። አሁን ግን ያች የስልኩ ሴት ማግኘት አይችሉም ስትለኝ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አስቀምጣለሁ። ጎረቤቷን በየጊዜው ማስጨነቅ ስለሰለቸኝ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። ወደ ማታ ደወሉልኝና መብራት ጠፍቶ ነው የዋለው፣ ምነው ስትደውይ ዋልሽ አሉኝ። ሽንኩርቱ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ዘንድሮ ጥሩ ይዟል አሉ።