ወላጅ የማይሠራው ፕሮጀክት

በእኛ ትምህርት ቤት ፕሮጀክት የሚባል ነገር አለ። መምህሯ ታዛለች፣ ወላጅ ይሠራል፣ ዳይሬክተሩ ያደንቃል። ልጁስ? ካላችሁኝ፣ ልጁ ተሸክሞ ያመጣል።

ኮተቤ፣ የእንጦጦ ንፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እያፏጨ በሚገባበት ክፍል ውስጥ፣ ለሦስተኛ ክፍል ሳይንስና ሒሳብ አስተምራለሁ። አንድ ጊዜ ሰዓት ማንበብ ስንማር «በካርቶን ሰዓት ሠርታችሁ ኑ» ብዬ አዘዝኩ። የመጣውን ብታዩ! ከሲ.ኤም.ሲ የሚመጣ አንድ ልጅ አናጺ የሠራው፣ ቫርኒሽ የተቀባ፣ ባትሪ ገብቶለት ቀጭ ቀጭ የሚል ሰዓት ታቅፎ ገባ። «በል፣ ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት። የራሱን ሰዓት ትክ ብሎ አየና «ሚስ፣ አባዬ ጋ ይደወልልኝ?» አለኝ። አባቱ ኢንጂነር ነው። ፀሐይንና ፕላኔቶቿን ያዘዝኩ ጊዜማ ይኸው ሰውዬ የምትበራ ፀሐይ ሠርቶ ላከልን፤ መጋረጃውን ዘግተን ሶኬት ላይ ስንሰካት የግቢው መብራት በሙሉ ድርግም አለ። በጨለማው ውስጥ ቆሜ «ይኸው ልጆች፣ ፀሐይ ባትኖር ኖሮ እንዲህ እንሆን ነበር» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ!

አንዲት ልጅ ግን ነበረችኝ። የምትመጣው ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቷ ሳይነጋ የታክሲ ሰልፍ ላይ ናት፤ አባቷ ወደ ቤት የሚገባው እሷ ከተኛች በኋላ ነው። ስለዚህ ፕሮጀክቷን ራሷ ትሠራለች፤ ማን አላት? ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከዳይሬክተሩ ጋር ደግሞ በዝምታ ነው የምታወራው። ሰዓቷን የቆረጠችው ከብስኩት ካርቶን ነበር። ቁጥሮቹ አንድ ጎን ላይ ተጨናንቀዋል፣ ሌላው ጎን ባዶ ሜዳ ነው። ማንበቡን ግን ከሁሉም በፊት የቻለችው እሷ ናት።

የወላጆች ቀን ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል። እዚያ ላይ የሚቀመጠውን ዳይሬክተራችን ራሱ ይመርጣል፤ መስፈርቱ አንድ ነው፣ «ዓይን የሚስብ ይሁን»። የእሷ ሥራ ዓይን ስቦ አያውቅም። ሁልጊዜ ክፍላችን መስኮት ላይ፣ ከጠመኔው ካርቶን ጎን ይቀራል።

አንድ ቀን ሌሎቹ ለእረፍት ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረች። «ሚስ፣ የእኔስ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው መቼ ነው?» አለችኝ። አላለቀሰችም፣ አላኮረፈችም። ተራዋ መቼ እንደሚደርስ ነው የጠየቀችው። አንጀቴን በላችው። «የሚቀጥለው የአንቺ ይቀመጣል፣ የእኔ እናት» አልኳት። ካልኩ በኋላ ነው የደነገጥኩት፤ ለልጅ ቃል ተገብቶ እንዴት ይታጠፋል?

እንግዲህ ወላጅ ሊሠራው የማይችል ፕሮጀክት ያስፈልገኛል። አናጺ የማያውቀው፣ ኢንጂነር ሶኬት ላይ የማይሰካው። ሳስብ ሳስብ ከረምኩና ባቄላ መጣልኝ። ባቄላን ማን ይሠራል? ፈጣሪ ብቻ! በራሴ ብልጠት ተደስቼ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ትእዛዙ ቀላል ነው። ሁለት ኩባያ፣ እርጥብ ጥጥ፣ በየኩባያው አንድ አንድ ባቄላ። አንዱን መስኮት ላይ፣ ሌላውን በሩ የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። ውሃ እኩል አጠጡ። ለወላጆች ቀን ጠዋት ሁለቱንም ይዛችሁ ኑ። ውጤቱን ግን አልነገርኳቸውም፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነዋ። ጨለማ ውስጥ የገባ ባቄላ ወዲያው አይሞትም። ዘሩ ውስጥ ያለችውን ስንቅ እየበላ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል። ይገረጣል፣ ይቀጥናል፣ ግን መስኮት ላይ ካለው ወንድሙ በልጦ ይረዝማል። እኔ መምህርነት ስማር ይህንን መጀመሪያ ያየሁ ቀን አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። ልጆቼም አፋቸውን እንዲከፍቱ ፈለግሁ። ደግሞም ባቄላ ለመርዘም የማንንም አባት አይጠይቅም፤ የአባዶዋ ባቄላም እኩል ትረዝማለች፣ ጠረጴዛው ላይም ትወጣለች።

የረሳሁት ነገር ቢኖር የወላጆቹን ቴሌግራም ነው። የክፍላችን ወላጆች ሁለት ግሩፕ አላቸው፤ አንዱ እኔ ያለሁበት፣ ሌላው እኔ የሌለሁበት። ቁም ነገሩ የሚወራው እኔ የሌለሁበት ላይ ነው። እዚያ የሆነውን የሰማሁት በኋላ፣ ምስጢር መያዝ ከማይሆንላት ከአንዲት እናት ነው። አንድ አባት «የኛ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ረዘመ፤ የእናንተስ?» ብሎ ይጽፋል። «የኛም» ትላለች አንዷ። «ኧረ የኛም!» ይላል ሌላው። ወዲያው አንድ ሰው የሳይንስ መጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፤ «ተክል ለማደግ ብርሃን ያስፈልገዋል» ይላል። በቃ፣ አገር ተሸበረ። ልጆቻችን ሊወድቁ ነው! አንዷ እናት የመስኮቱ ባቄላ ወንድሙን እንዲደርስበት የኅብረት ጸሎት ላይ ርእስ አስይዛ አስጸለየች። እሷ እንኳን ከሁሉም የተሻለች ናት፤ ቢያንስ መቀስ አላነሳችም። ኢንጂነሩ ነው «አትጨነቁ፣ እናስተካክለዋለን» ብሎ የጻፈው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ።

የወላጆች ቀን ነጋ። ወላጆቹ ኩባያውን ለልጅ አምነን አንሰጥም ብለው ራሳቸው ተሸክመው ክፍሌ ውስጥ ገቡ። እኔም ያንን ሁሉ ረጅም ቢጫ ባቄላ ለማየት እጄን እያፋተግሁ ቀረብኩ።

በስመ አብ! የጨለማው ኩባያ ሁሉ በድን ነው። አንዱ ከጥጡ እኩል ተከርክሟል። አንዱ ጭራሽ አልበቀለም። ጎንበስ ብዬ ሳየው ጠቁሯል፤ ሳሸተው ቆሎ ነው! እንዳይበቅል ቆልተውታል። ቀጥሎ ያለው ደግሞ አብጦ ተልጧል፤ ንፍሮ። ባለቤቱን ልጅ «ይሄ ባቄላ ምን ነክቶት ነው?» ብለው «ሚስ፣ ጨው አለው» አለኝ፤ ቀምሶታል ማለት ነው። የመስኮቱስ? አንዲት እናት ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ የገዛችውን የአቮካዶ ችግኝ ከነፕላስቲኩ አስቀምጣ «የኛ ባቄላ ጎበዝ ነው፣ ሚስ» ትለኛለች። ቅጠሉ የእኔን መዳፍ ያህላል! የኢንጂነሩ ልጅ የጨለማውን ኩባያ ያመጣው ቁልፍ ባለው ጥቁር ሣጥን ነው፤ ቁልፉ አባቱ ኪስ ውስጥ ነው። ቆሽቴ ድብን አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ አይደል? በአንዱ እስቃለሁ፣ በአንዱ እናደዳለሁ፤ የትኛውን እንደማስቀድም ጠፋኝ።

ያኔ የአባዶዋን ልጅ አስታወስኳት። እሷን የሚያርማት ማን አለ? ባቄላዋን ለማስተካከል ጊዜ ያለው ሰው ቤቷ ውስጥ የለም፤ እግዜር ይስጥልኝ! በዓይኔ ስፈልጋት ጥቁር ፌስታል ይዛ በየጠረጴዛው እየዞረች የሰዉን ኩባያ ታያለች። አንዱን አይታ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ልጠራት ስል ወላጆቹ ከበቡኝ፤ «ሚስ፣ ስንት ታርሚዋለሽ?» «ሚስ፣ የኛ ከፊት ይቀመጥ»። በሰዉ ትከሻ መሀል ወደ መጨረሻው ወንበር ስትሄድ አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታን ፌስታሉ ላይ አጎነበሰች።

ከወላጆቹ እንደ ምንም አመለጥኩና «ልጆች፣ ጨለማ ውስጥ ያስቀመጠው ባቄላ የረዘመበት ማን ነው?» ብዬ ጮህኩ። እጅ የለም። ሳቅ እያልኩ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። «አንቺስ፣ እናቴ? አሳዪኝ እስቲ።»

ኩባያዎቹን አወጣች። የመስኮቱ አጠር ያለ፣ አረንጓዴ፣ ደህና ባቄላ ነው። የጨለማው ግን ጉቶ ነው። አሁን የተቀጠፈ፣ ገና ውሃ የሚያዥ ጉቶ። ክው አልኩ።

«ምን ሆነ ይሄ?» አልኳት። እጇን ቀስ ብላ ወደ ዩኒፎርሟ ኪስ ከተተችና አንድ ቢጫ ነገር መዘዘች። ትመዛለች፣ አያልቅም። እንደ ሹራብ ክር ተጠቅልሎ ነበር።

«ሚስ፣ የእኔ ተበላሽቶ ነበር» አለች። «አሁን አስተካክዬዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እኔም አላውቀውም። እንባዬ መጣ፣ ንዴቴም መጣ፣ ሁለቱ እኩል መጡ። እጇን ይዤ አዳራሽ ገባሁ፤ ወላጅና ልጅ ከነኩባያው ተከተለን። ዳይሬክተሩ ከጠዋት ጀምሮ የደረደረውን ጌጣጌጥ ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋሁት። ሰማያዊው ጨርቅ መሀል ላይ ያንን ቢጫ ግንድ አጋደምኩትና «በይ ለኪው» አልኳት። ማስመሪያው አልበቃውም። ከኢንጂነሩ ልጅ ሌላ ማስመሪያ ተዋሰች፣ ቀጠለችው፣ በጣቷ ይዛ ደመረችው፣ ርዝመቱን በትክክል ነገረችን።

ዳይሬክተሩ እየተጣደፈ መጣ። «ሚስ፣ እንግዶች ሊገቡ ነው እኮ! ምንድን ነው ይሄ? ሣር ነው?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። ከሰውየው ጋር ስታወራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ባቄላ ነው» አለችው። «ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያደገው።» ከዚያ ዞር ብላ ወላጆቹ የያዟቸውን ኩባያዎች አየች፤ ቆሎውንም፣ ንፍሮውንም። «የእነሱ ግን ለምን አላደገም?»

ኢንጂነሩ ጣሪያውን መመርመር ጀመረ። ልጁ ግን እጁን አወጣ፤ በዓመቱ ሳይጠየቅ እጁን ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው። «ሚስ፣ የኛማ አድጎ ነበር! አባዬ ነው የቆረጠው!» ሌላዋ ተነሳች፤ «የኛ ከዚህም ይበልጥ ነበር!» ሌላው «የኛ የቁም ሳጥኑን በር ነክቶ ነበር!» አለ። ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው ባቄላቸው ምን ያህል ረዝሞ እንደነበር እያሳዩ ይጮኻሉ። አፋቸው ተከፍቷል፤ እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ወላጆቹ አንድ በአንድ ወደ በሩ ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ፤ የአቮካዶዋ እናት ችግኟን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዳይሬክተሩ ላቡን ጠረገ። ከዚያም ነገሩ ቢያንስ ዓይን እንዲስብ ብሎ ነው መሰለኝ፣ የጎበጠውን ግንድ ቀጥ አድርጎ ሊያጋድመው እጁን ሰደደ።

ልጅቷ መዳፏን ግንዱ ላይ ጫነች።

«አይ» አለችው። «አይስተካከል።»