የሮቶው ቀዳዳ

ምላሴ ረጅም ነው። ቀጨኔ አንድ በር ላይ ነጠላ እየቋጨን የምንውል ሴቶች ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ ከሁሉም ይልቅ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ። ኤችአይቪ በደማችን የተገኘው በአንድ ሰሞን ነበር። እንጦጦ ጸበል አብረን ጀመርን፣ መድኃኒቱንም አብረን እምቢ አልን። አጥማቂው አባት ራሳቸው «መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ ዋጡ» ብለውናል። እኔ ግን ከእሳቸው በላይ አማኝ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ኪኒን ሳልቀምስ ዳገቱን ሳላርፍ እንደምወጣ ጸበልተኛው ፊት ቆሜ መሰከርኩ። ጓደኛዬ እልል አለች።

ባለፈው ክረምት ክሊኒክ ሄደን ለምርመራ ደም ሰጠን። ሲዲ ፎር የሚሉት የመከላከያ አቅም ልኬት የሁለታችንም ተቀራራቢ ሆነና ደስ አለን። የቫይረሱ መጠን ውጤት ዘግይቶ ሲመጣ ሐኪሟ ለየብቻ አስገባችን።

«ሲዲ ፎር ዛሬ ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ነው» አለችኝ። «የቫይረሱ መጠን ደግሞ ቀዳዳው። ያንቺ ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ግን መንጠባጠቡ አይቀርም። እስኪጎድል ለምን ትጠብቂያለሽ?»

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ይህ አይጠፋውም። ኪኒኑን ተቀብዬ ነጠላዬ ስር ደብቄ ወጣሁ።

ጓደኛዬ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። «የኔ በጣም ብዙ ነው አለችኝ። ቶሎ ካልጀመርሽ መከላከያሽ በፍጥነት ይወርዳል ትላለች። በቃ፣ ሲዲ ፎራችን እኩል አይደል? አንቺ ሳትውጪ ደህና ከሆንሽ እኔን ምን ይነካኛል?»

ሐኪሟ የእኔን ለእሷ መናገር አትችልም፤ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያ ረጅም ምላሴ ተሳሰረ። ጸበልተኛው ፊት የተናገርኩትን ቃል ማጠፍ አሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ስቀመጥ ኅሊናዬ ዕረፍት ነሳኝ፤ ኪኒኔን ግን ተደብቄ እውጥ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ዳገቱን ስንወጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷ ሰፍቷታል፣ ትንፋሿም ያጥራታል።

«ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ» አለችኝ። «አንቺን ሳይ ነው እኮ የምበረታው።»

የመዋጫው ሰዓት እንዳያልፈኝ ነጠላዬ ጫፍ ላይ የቋጠርኳትን ኪኒን ፈትቼ አሳየኋት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያን ቀን።»

ኪኒኗን ብዙ አየቻት። «ታዲያ እኔ ማንን ሳይ ነው የከረምኩት?»

ክንዴን ብሰጣት አልያዘችም። ተነስታ ቁልቁለቱን ብቻዋን ወረደች። እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ ከኋላዋ ተከተልኳት።